አባ ሰላማ በቤተ መንግሥትና በመንበረ ጵጵስና

ልጆች፥ ንጉሥና ጳጳስ የሚሾሙት በአንድ መንገድ ይመስላችኋል? ንጉሥ ብዙውን ጊዜ ዙፋኑን ከአባቱ ይወርሳል። ጳጳስ ግን ከሐዋርያት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ሥልጣን፥ በአንብሮተ እድ ይሾማል። ሁለቱንም አስተዳደር የሚያውቅ አባት ነበረን፤ እርሱም ፍሬምናጦስ ነው።

ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነው። በልጅነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ሜሮፕዮስ የሚባል ፈላስፋ ተከትሎ በመርከብ ተጓዘ። መርከቢቱ ለውኃና ለስንቅ ወደብ ላይ ስትቆም የአገሩ ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሏቸው፤ ለሁለቱ ልጆች ግን ራርተው ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ንጉሡም ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን የሒሳብና የጽሕፈት ኃላፊ አደረገ።

ንጉሡ ሲሞት አልጋ ወራሹ ሕፃን ነበረ። ንግሥቲቱም ልጇ እስኪያድግ በመንግሥቱ ሥራ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ልብ በሉ፥ ተማርኮ የመጣው ልጅ አገር አስተዳዳሪ ሆነ! በዚያ ሥልጣኑም ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ልዑሉ ባደገ ጊዜ ግን ሥልጣኑን አስረከበ። ኤዴስዮስ ወደ ዘመዶቹ ሲመለስ፥ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ ለምእመናኑ ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ጠየቀ። ለራሱ ሹመት አልጠየቀም። አትናቴዎስ ግን ከጳጳሳቱ ጋር መክሮ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን፤ በዓሉም ሐምሌ 26 ቀን ነው።

ፈተናው ከዚህ በኋላ መጣ። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ አርዮሳውያንን ይደግፍ ነበርና አትናቴዎስን አሳድዶ በመንበሩ ጊዮርጊስ የሚባል ሌላ ሰው አስቀመጠ። ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እንዳታምታቱት! ከዚያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ገደማ ለአክሱሞቹ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር የሚል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቆስጠንጢዮስ የአክሱም ንጉሥ አይደለም፥ ጳጳስም አይደለም። ነገር ግን በሌላ አገር ጳጳስ ላይ ሊያዝዝ ፈለገ። አክሱም ግን ከአትናቴዎስ ሃይማኖት አልወጣችም።

ከእስክንድርያ ጋር የተጀመረው ትስስር 1600 ዓመት ያህል ቆየ። ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ ስለነበረ የውስጥ አስተዳደሩን በአብዛኛው የሚመራው እጨጌው ነበር። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት አቡነ ባስልዮስም ቀድሞ እጨጌ ነበሩ።