የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ ብለህ ካመንህ፥ ይህ እምነት በዕለት ሥራህ እንዴት እንደሚገለጥ በአናሲሞስ ነሲብ ተመልከት። በኢሉባቦር ተወልዶ ሂካ ይባል ነበረ፤ ትርጓሜውም አስተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። በ1872 ሲጠመቅ፥ ጳውሎስ እንደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ፊልሞናን የለመነለትን የዚያን ባሪያ ስም ያዘ።

ተሸጥሁ ብሎ ወገኖቹን አልተወም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይመልስላቸው ዘንድ ተነሣ እንጂ። ነገር ግን ልብ በል፤ ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተለየ የቋንቋው ቃል ያጥረው ነበረ። የጐደለውን እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ሞላችለት። መጽሐፉ በ1899 ታተመ፤ እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ የወገኖቹን ልጆች ንባብ አስተማረ።