አርባ ዓመት የፈጀ የሞተር ጥገና፦ የበርት መንሮ ሕይወት

ሞተር ማውረድ በከተሞቻችን ጋራዦች የዘወትር ሥራ ነው። መኪናው ጭስ ሲያበዛ፣ ዘይት ሲበላ ወይም ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ባለሙያው ቴስታታውን ይፈታል፤ ያለቀውን ፋሻ ይለውጣል፤ የተበላውን ሲሊንደር ያስተካክላል፤ መልሶም ይገጥማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መኪናው ወደ መንገዱ ይመለሳል። በርት መንሮ የተባለው የኒውዚላንድ ሰው ግን አንዱን ሞተር ሲያወርድና ሲገጥም፣ ሲያጠነክርና ሲፈትን ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር እንድትሮጥ የተሠራችውን ሞተር ሳይክል፣ በስተእርጅናው በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ አስሮጧታል።

ሙሉ ስሙ ኸርበርት ጄምስ መንሮ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1899 በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው በኢንቨርካርጊል ተወለደ። መንታ እኅቱ በወሊድ ጊዜ ሞታለች። ያደገው ከከተማዋ በስተምሥራቅ በሚገኘው በኤደንዴል፣ በወላጆቹ እርሻ ላይ ነው። የገበሬ ልጅ እንደመሆኑ ፈረስ መጋለብን በልጅነቱ ተማረ፤ ነገር ግን ከቤቱ ፈረሶች ሁሉ ፈጣኑን መርጦ በማሳው ላይ ሽምጥ መጋለብ ልማዱ ስለነበር ከአባቱ ጋር አልተስማማም። አባትየው ልጃቸው እርሻውን እንዲወርስ ይሹ ነበር። የልጁ ልብ ግን ወደሌላ አዘንብሎ ነበር። እርሻው በተሸጠ ጊዜ በኦቲራ የባቡር ዋሻ ቁፋሮ ሥራ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ በኢንቨርካርጊል አቅራቢያ ሌላ እርሻ ስለገዙ ተጠርቶ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1920፣ በ21 ዓመቱ፣ ኢንዲያን ስካውት የተባለችውን ሞተር ሳይክል ገዛ። ስሟ ቢያሳስትም የሕንድ ሥሪት አይደለችም፤ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተሠራች ናት። በቪ ቅርጽ የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች፣ 600 ሲሲ ይዘት ያለው ሞተርና ሦስት ማርሽ ነበራት። ለዘመኑ ጥሩ መጓጓዣ ነበረች፤ ለእሽቅድምድም ግን አልታሰበችም። ስድስት ዓመት ያህል እንደነዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ሞተሩን ፈትቶ ማሻሻል ጀመረ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊገነዘብ ይገባል። የሞተርን ጉልበት መጨመር ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም። ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት፣ ነዳጅና አየር የሚያልፉበትን ቀዳዳ ማስፋት፣ ጋዙ ከመቃጠሉ በፊት አብዝቶ እንዲታመቅ ማድረግ ይቻላል። ጭንቁ ያንን ጉልበት የሚችል አካል መሥራቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር በእጥፍ ሲጨምር፣ ፒስተኑን ከኮሎ ጋር የሚያያይዘውን ቢየላ የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በአየር ላይም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ፋብሪካው ለ89 ኪሎ ሜትር የሠራው ብረት ሁሉ፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ በየተራው መሰበሩ አይቀርም። መንሮ አንዱን ደካማ ክፍል ባጠነከረ ቁጥር፣ ቀጥሎ ያለው ደካማ ክፍል ራሱን ይገልጥለት ነበር።

የተሻለ ዕቃ ከፋብሪካ አዝዞ የሚያስመጣበት ገንዘብ አልነበረውም። ቢኖረውም እንኳ እርሱ የሚፈልገውን ያህል ጠንካራ ዕቃ ለዚያች አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሠራ ፋብሪካ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ሁሉንም በእጁ መሥራት ያዘ። ብረት አቅልጦ ክፍሎችን በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያፈስስ ነበር። ፒስተኖችን፣ የሲሊንደር በርሜሎችን፣ ካሞችንና ዘይት የሚያዳርሰውን ሥርዓት ሳይቀር ራሱ ሠራ። ስስ ልኬት የሚለካበትን መሣሪያ እንኳ ከአሮጌ የጎማ ራጅ ነበር የሠራው። በየክፍሉ የሚሰማው የዚህ ሥራ ወሬ ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር በፀጉር ውፍረት ልክ ካልተስማማ ግን ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ጉልበቱን ያፈስሳል።

ለገበሬ አንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚያስደንቀው የቢየላዎቹ ነገር ነው። ቢየላ የሞተሩን ምት ሁሉ የሚሸከም አጥንት ነው፤ ሲሰበርም ብቻውን አይሰበርም፣ የሞተሩን ሆድ ዕቃ ይዞ ይወጣል። መንሮ ለዚህ የሚበቃ ብረት ሲሻ ከትራክተር አክስል የተሻለ አላገኘም። አክስል የእርሻ መሣሪያን ክብደትና የማሳን ጎርበጥባጣ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ እንዲኖር የተሠራ ብረት ነው። ያንን ጠንካራ ብረት ቆርጦ፣ በእጁ ሞርዶና አለስልሶ፣ በእሳትም አጠንክሮ ቢየላ አደረገው። በሌላ አነጋገር፣ ጥሎት የወጣው እርሻ በሞተሩ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ትልቁ ለውጥ ግን የቫልቮቹ ነው። የፋብሪካው ሞተር ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን የተተከሉ ስለነበሩ ጋዙ ተጠማዝዞ ይገባና ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ለረጋ ጉዞ ይመቻል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። መንሮ ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ በላይ አዛወራቸው፤ በሁለት ፈንታም አራት ካም ያለው ሥርዓት ሠራላቸው። ከሞተሩ ወደ ማርሹ የሚተላለፈውን ጉልበትም የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ስላልቻሉት በሦስት ረድፍ ሰንሰለት ተካው። ሞተሩ ከ600 ሲሲ ተነሥቶ 850፣ ከዚያ 920፣ በመጨረሻም 950 ሲሲ ደረሰ። እንግዲህ በፋብሪካው ከተሠራው ሞተር የቀረው ጥቂት ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ተሰብሯል። የፈነዱ ፒስተኖችን፣ የተቆረጡ ቢየላዎችንና የተቃጠሉ ቫልቮችን አልጣላቸውም፤ በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች ናቸው የሚል ጽሑፍ ለጠፈባቸው። ቀልድ ነበር፤ ሆኖም መደርደሪያው ማስታወሻ ደብተር ሆኖም አገልግሎታል። ብረት የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሄደ ያየ ባለሙያ፣ ቀጣዩን የት ላይ ማወፈር እንዳለበት ያውቃልና።

መሥዋዕቱ ብረት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1927 ትዳር መሥርቶ አራት ልጆችን አፍርቷል። ቀን ቀን ሞተር ሳይክል በመሸጥና በመጠገን ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር፤ ሌሊቱ ግን የሞተሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ሳይተኛ ነግቶበት ወደ ሥራ ይሄድ እንደነበር ይነገራል። ትዳሩ በ1940ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። እርሱም የቅጥር ሥራውን ትቶ ኑሮውን በጋራዡ ውስጥ አደረገ፤ አልጋው ከሞተሮቹ ጎን ሆነ። ከኢንዲያኗ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራች ቬሎሴት የምትባል የእንግሊዝ ሞተር ሳይክልም ነበረችው፤ እርሷንም እንዲሁ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ስለ መንሮ የሚተረኩ ታሪኮች ይህንን ክፍል በፈገግታ ያልፉታል። ይህ ጸሐፊ ግን ሌሊት ሌሊት ባዶ የሚቀረውን የቤቱን ወንበር ሳያስብ ማለፍ አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን የኒውዚላንድ የፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ከዚያም በኋላ በአገሩ ደጋግሞ ክብረ ወሰን ሰብሯል። የሚፈትንበት ቦታ ከከተማው አጠገብ ያለው የኦሬቲ የባሕር ዳርቻ ነበር፤ ማዕበሉ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ጠጥሮ ረጅም መንገድ ይሆናል። ይሁንና ሞተሩ እየጠነከረ ሲሄድ አሸዋው አጠረ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣበት ሜዳ ያለው በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ቦኔቪል በተባለው ስፍራ ነበር።

የአፋርን የጨው ሜዳ ያየ ሰው ቦኔቪልን ለመገመት አይቸገርም። ጥንት ሐይቅ የነበረ፣ ውኃው ደርቆ ጨው ብቻ የቀረበት፣ ዓይን እስኪያልፍ የተዘረጋ ነጭ ሜዳ ነው። ልዩነቱ ከፍታው ነው፤ ቦኔቪል ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በደጋ መንገድ የሚያሽከረክሩ ሾፌሮቻችን እንደሚያውቁት፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሞተርም ጉልበት ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ የተፈተነው የመንሮ ሞተር በዚያ ሜዳ ላይ ከዐሥር እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን አጥቶ መሮጥ ነበረበት።

መንሮ ቦኔቪልን ዐሥር ጊዜ ጎብኝቷል፤ የመጀመሪያው ለማየት ብቻ ነበር። ሀብታም ስላልነበረ በየጉዞው ያጠራቀማትን ቆጥቦ ይሄድ፣ አሜሪካ ሲደርስም ርካሽ አሮጌ መኪና ገዝቶ ሞተር ሳይክሏን ይጎትትባት ነበር። በአካባቢው ከነበሩት የፋብሪካ ቡድኖችና አዳዲስ ማሽኖች መካከል፣ ከአርባ ዓመት በፊት በተሠራች ሞተር ሳይክል ላይ የተኛ ሽማግሌ ሲታይ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። አየሩን እንድትሰነጥቅ ዓሣ የመሰለ ልባስ ሠርቶላታል፤ እርሱም በልባሱ ውስጥ በሆዱ ተዘርግቶ ነበር የሚነዳት።

ክብረ ወሰን የሚጸድቀው በአንድ ሩጫ አይደለም። ነፋስ ማንንም እንዳያግዝ፣ ነጂው በተቃራኒ አቅጣጫዎች ሁለት ጊዜ ሮጦ አማካዩ ይያዝለታል። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ መሞት አይበቃውም፤ ሄዶ መመለስም አለበት። ማጠንከር የሚፈተነው በዚህች በመልሱ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ ከ883 ሲሲ በታች ባሉት ምድብ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ1966 በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። በ1967 ደግሞ፣ በ68 ዓመቱ፣ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ በሰዓት 295.453 ኪሎ ሜትር ተመዘገበለት። ለዚህ ውድድር ብቁ ለመሆን በአንድ አቅጣጫ ባደረገው ሩጫ ፍጥነቱ 305.89 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

በዚያው ዓመት ለሞት የቀረበበት ጊዜም ነበር። ከሩጫው አጋማሽ አለፍ ሲል ሞተር ሳይክሏ መወዛወዝ ጀመረች። ፍሬን መያዝ በዚያ ፍጥነት ስለማይታሰብ፣ ነፋሱ እንዲያቆመው ብሎ ከተኛበት ቀና አለ። ነፋሱ መነጽሩን ነጥቆ ወሰደው፤ ዓይኖቹም ምንም ማየት አልቻሉም። ከመንገዱ መስመር ርቆ ሄዶ አንድ የብረት ምልክት ለጥቂት ስቶ አለፈ፤ በመጨረሻም ሞተር ሳይክሏን ወደ ጎን ጥሎ አቆማት። ጭረት እንጂ ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም። ሞተሩን ለዚያ ፍጥነት ማጠንከር ችሎ ነበር፤ የሰው ገላ ግን እንደ ቢየላ ከአክስል ተቆርጦ አይሠራም።

ልቡ አስቀድሞ ታምሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ስትሮክ ከያዘው በኋላ የአካሉ ቅንጅት ላላ። ሁለቱን ሞተር ሳይክሎች፣ ከአካባቢው እንዳይርቁ ብሎ፣ በዚያው ለሚኖር ነጋዴ ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1978 በ78 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዳይሬክተር ሮጀር ዶናልድሰን በሕይወቱ ላይ ፊልም ሠራ፤ አንቶኒ ሆፕኪንስም መንሮን ሆኖ ተወነ። ፊልሙ የብዙ ዓመታትን ጉዞዎች በአንድ ጉዞ አጠቃሎ ያሳያል፤ ለተመልካች ይጥማል፤ የሞረዱ ድምፅ ግን የሚሰማው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከሞቱ 36 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ልጁ ጆን የ1967ቱን መዝገብ ሲመለከት የአማካዩ ስሌት የተሳሳተ መሆኑን አስተዋለ። የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበርም ስሕተቱን አርሞ ፍጥነቱን ወደ 296.259 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገው። ሞተር ሳይክሏ ዛሬም በኢንቨርካርጊል፣ በአንድ የብረታ ብረትና የእጅ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ፣ ምስማርና መዶሻ ሊገዙ በሚመጡ ሰዎች መካከል ቆማ ትታያለች።