ስሙ በበሽታ ላይ የቀረ ሐኪም
(ቴዎዶር ቢልሃርዝ፣ 1825 - 1862 እ.ኤ.አ.)



በጥገኛ ትላትል የሚመጣ በሽታ ሁሉ በሕክምና ቋንቋ ሄልሚንቲያሲስ ይባላል። ወስፋትም፣ የኮሶ ትልም፣ ቢልሃርዝያም በዚሁ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። ታዲያ ከእነዚህ መካከል ቢልሃርዝያ የሚለው ቃል የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዛሬው የሕይወት ታሪክ አምዳችን ስሙን ለበሽታው ትቶ ስላለፈው ሰው እናወጋችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ቢልሃርዝ መጋቢት 23 ቀን 1825 በጀርመን አገር፣ ሲግማሪንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። በፍራይቡርግና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ተማረ። ካስተማሩት ሰዎች አንዱ በጥገኛ ትላትል ጥናት የታወቀው ፕሮፌሰር ዚቦልት ነበር። መቼም የመምህር ዘር የትም ይበቅላል፤ ወጣቱ የትላትልን ነገር በጥሞና መመልከት የለመደው ከዚህ መምህር ነው።

በ1850 ሌላው መምህሩ ዶክተር ግሪዚንገር በግብፅ መንግሥት ተጠርቶ ወደ ካይሮ ሲሄድ ቢልሃርዝን ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። በዚያን ጊዜ በግብፅ ደም የተቀላቀለበት ሽንት መሽናት እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። ገበሬው ይደክማል፣ ይከሳል፣ ይሞታል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ የለም።

ቢልሃርዝ በቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል የሞቱትን ሰዎች አስከሬን እየከፈተ መመርመር ያዘ። በ1851፣ ዕድሜው 26 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ትሎች አገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ወንዱ ሴቲቱን በሰውነቱ ቦይ ውስጥ አቅፎ የሚኖር መሆኑን አስተዋለ። ከዚያም እሾህ ያለውን የትሉን እንቁላል በሽንት ፊኛ ግድግዳ ላይ አገኘና ሽንቱን ደም የሚያደርገው ይኸው ትል መሆኑን አስረዳ። ያየውን ሁሉ እየዘረዘረ ለመምህሩ ለዚቦልት በደብዳቤ ይልክ ነበር። በ1856 መኬል የተባለ ሌላ ሐኪም ትሉ በአግኚው ስም ቢልሃርዝያ እንዲባል ሐሳብ አቀረበ። በሳይንሱ ዓለም ዛሬ ትሉ ሺስቶሶማ ቢባልም በሕዝቡ አፍ የቀረው የቢልሃርዝ ስም ነው።

ግሪዚንገር ወደ አገሩ ሲመለስ ቢልሃርዝ ካይሮ ቀረ፤ የአናቶሚ ፕሮፌሰርም ሆነ። ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው የዓባይ አምባዛም በ1857 መጽሐፍ አሳተመ። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜ አልሰጠውም! በ1862 ከአንድ የጀርመን መስፍን ጋር እስከ ምጽዋ ተጉዞ ነበር። በዚሁ ጉዞ የያዘው ተስቦ ካይሮ ላይ ግንቦት 9 ቀን በ37 ዓመቱ ገደለው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ቢልሃርዝ ትሉን አገኘ እንጂ ትሉ እንዴት ሰው ውስጥ እንደሚገባ ሳያውቅ ነው የሞተው። ምስጢሩ የተፈታው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በ1913 የጃፓን ተመራማሪዎች፣ በ1915 ደግሞ ግብፅ ውስጥ ብሪታንያዊው ሌይፐር መንገዱን አሳዩ። እንቁላሉ በሽንት ወይም በዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በ1964 ደግሞ የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑንም በምርምር አረጋገጡ።

አንዱ ትሉን፣ ሌላው መንገዱን፣ ሌላው መከላከያውን አገኘ። የቀረውስ ሥራ የማን ነው? የእኛ ነው እንላለን። ነገ ከዚህ ተቋም ወጥተን ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር ባለ ትምህርት ቤት እንመደብ ይሆናል። ልጆቹ ሲዋኙ፣ ከብት ሲያጠጡ፣ ውሃ ሲቀዱ እናያለን። ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም የሆነበት ልጅ አፍሮ ዝም ይላል እኮ! ዝም ያለውን ልጅ ቀርቦ የሚጠይቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ መምህሩ ነው፤ መድኃኒቱ አለና። መጸዳጃ ቤት መጠቀም በሽታውን ከሥሩ እንደሚቆርጠው የሚያስተምርም እሱው ነው። በትሉ የተያዘ ሰው ሽንትና ዓይነ ምድር ውሃ ካልነካ እንቁላሉ ቀንድ አውጣውን አያገኝም።

ቢልሃርዝ ሌላው እንደ ተራ ነገር ያለፈውን ደም ለምን ብሎ ጠየቀ። እኛም በክፍላችን የምናየውን የልጅ ድካም ስንፍና ነው ብለን ከማለፋችን በፊት ለምን እንበል።