የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወትና የፒያኖ ሥራ፦ «ጃዝ» የሚለው ስያሜ ምን ያህል ይገልጻቸዋል?

ከኢትዮጵያ ሴት የፒያኖ ተጫዋቾች መካከል በዓለም ዘንድ በስፋት የታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በውጭ አገር ሥራዎቻቸው ብዙውን ጊዜ ከጃዝና ከብሉዝ ረድፍ ይመደባሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ጉዟቸውን በቅደም ተከተል በመመልከት፣ ምደባው የድርሰቶቻቸውን ዋና ምንጭ እንደሚሸፍን ለማሳየት ይሞክራል።

በዓለማዊ ስማቸው የውብዳር ገብሩ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮናውያን እጅ የተማሩ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ በከንቲባነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከታላቅ እህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ።

የጣሊያን ወረራ የቤተሰቡን ሕይወት አናጋው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ኢሉባቦር ተዛወረ፤ ከመቱ ብዙም የማትርቀው ጎሬ የጊዜያዊው አስተዳደር ማዕከል ሆነች። ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉትና በቀይ መስቀል ሥራ የተሳተፉት በዚያ አካባቢ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የውብዳርና ቤተሰባቸው ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት፣ በኋላም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከቤተሰቡ መካከል ሦስቱ በፋሺስቶች ተገድለዋል።

ከነጻነት በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በየዕለቱ ለረጅም ሰዓታት ይለማመዱ ነበር። መምህሩ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍልን እንዲመሩ ሲሾሙ አብረዋቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቀጥሎ በለንደን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት የመከታተል ዕድል ቢያገኙም የጉዞ ፈቃድ ተከለከሉ። በዚህ እጅግ አዝነው ከምግብ ተለዩ፤ ከሕመማቸው ሲያገግሙ ልባቸው ወደ ምንኩስና አዘነበለ። በወሎ በሚገኘው የግሸን ማርያም ገዳም ገብተው ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ በዚያም በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ ከፒያኖ ርቀው አሥር ዓመት ያህል በጸሎት ቆዩ።

ይህ ዘመን ብዙ ጊዜ የሙያቸው መቋረጥ ተደርጎ ይተረካል። ሆኖም ቀጥሎ የመጣው ሥራቸው ሌላ ንባብ ይጠይቃል። በገዳም የዕለት ሕይወት ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር ኖረዋል፤ በኋላም በጎንደር ይህንኑ ዜማ በትምህርት መልክ አጥንተዋል። በዚያ በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን እያደሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች ችግር ማየታቸው ደግሞ ድርሰቶቻቸውን ለመቅረጽ ምክንያት ሆናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን በወጡት ሸክላዎች የተገኘው ገቢ ችግረኛ ሕፃናትን ለመርዳት ውሏል።

በድርሰቶቹ ውስጥ የአውሮፓ የፒያኖ ስልት፣ አምስት ድምፅ ያላቸው የኢትዮጵያ ቅኝቶችና የዝማሬ አካሄድ ይገናኛሉ። የፒያኖ ቁልፎች ቋሚ ድምፅ ስላላቸው የዜመኛውን የድምፅ መንሸራተት መስጠት አይችሉም። እማሆይ ይህን የሚተኩት ፈጣን የጌጥ ድምፆችን በዋናው ድምፅ ዙሪያ በመደርደርና ምቱን እንደ ትንፋሽ በማርዘምና በማሳጠር ነው። የጃዝ ጆሮ ይህን ነጻ አካሄድ በቅጽበት የተፈጠረ ጨዋታ አድርጎ ሊሰማው ይችላል፤ ሥራዎቹ ግን በኖታ የተጻፉ ድርሰቶች ናቸው።

ንጽጽር ነገሩን ያጠራዋል። አሜሪካዊቷ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሜሪ ሉ ዊሊያምስ (እ.ኤ.አ. 1910–1981) እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1954 መድረክ ትተው ወደ ሃይማኖት ካዘነበሉ በኋላ ወደ ሙዚቃ ተመልሰዋል። እርሳቸው ጃዝን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ገብተው የቅዳሴ ሙዚቃ ደረሱበት፤ እማሆይ በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ወደ ፒያኖ አመጡ። መነሻቸው የተለያየ በመሆኑ በአንድ ስያሜ መጠቅለላቸው ያስቸግራል።

እማሆይ በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ሃያ አንደኛው አልበም ለብቻቸው ሲሰጥ አዲስ ትውልድ አወቃቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከድርሰቶቻቸው የተመረጡት በኖታ መጽሐፍ ታተሙ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የስያሜው ጥያቄ በተግባር ውጤት አለው። ድርሰቶቹ እንደ ጃዝ ብቻ ከተነበቡ ትንተናው የሚጀምረው ከአሜሪካ ይሆናል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይም ከጥናቱ ውጭ ይቀራሉ። ስለሆነም የታተመውን ኖታ ከዜማ ምልክቶች ጋር ጎን ለጎን የሚያነብ፣ ሁለቱንም ትምህርት የሚያውቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል። እማሆይ ራሳቸው ያጠኑት ሁለቱን ነበርና።