ሌቭ ላንዳው

ሌቭ ዳቪዶቪች ላንዳው (ጃንዋሪ 22 ቀን 1908 – ኤፕሪል 1 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.) የሶቪየት ኅብረት የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅና የ1962 የኖቤል ፊዚክስ ሽልማት ተሸላሚ ነበር። በማግኔት ውስጥ የስፒኖችን እንቅስቃሴ የሚገልጸው የላንዳው–ሊፍሺትዝ እኩልታ በስሙ ይጠራል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣትነትና ትምህርት

ላንዳው የዛሬዋ አዘርባጃን ዋና ከተማ በሆነችው በባኩ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ ዘይት መሐንዲስ፣ እናቱ ሐኪም ነበሩ። በ14 ዓመቱ ባኩ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1924 ወደ ሌኒንግራድ ተዛውሮ በ19 ዓመቱ ተመረቀ። ከ1929 እስከ 1931 በአውሮፓ ሲዘዋወር በኮፐንሃገን ከኒልስ ቦር ጋር ሠራ፤ ከዚያ በኋላም ራሱን የቦር ደቀ መዝሙር አድርጎ ይቆጥር ነበር።

በ1932 በካርኪቭ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ከእርሱ ጋር መሥራት የሚፈልግ ተማሪ እጅግ ከባድ የሆኑ ተከታታይ ፈተናዎችን ማለፍ ነበረበት። እስከ 1961 ድረስ ያለፉት 43 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የማግኔት ጥናት

ኤሌክትሮን ስፒን በሚባለው ባሕርዩ የተነሣ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይቆጠራል። በ1935 ላንዳውና ተማሪው ዬቭጌኒ ሊፍሺትዝ፣ መግነጢሳዊ መስክ ሲያርፍባቸው ስፒኖች በቀጥታ ወደ መስኩ እንደማይዞሩ በእኩልታ አሳዩ። እንደሚሽከረከር እንዝርት በመስኩ ዙሪያ እየዞሩ ቀስ በቀስ ይረጋጋሉ። በ1955 ቶማስ ጊልበርት ኃይል የሚባክንበትን የእኩልታውን ክፍል አሻሻለው። የማግኔቶችን ባሕርይ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

በ1957 በታተመ መጽሐፋቸው ላንዳውና ሊፍሺትዝ፣ በአንዳንድ ክሪስታሎች የኤሌክትሪክ መስክ ማግኔትነትን፣ መግነጢሳዊ መስክም የኤሌክትሪክ ዋልታነትን ሊፈጥር እንደሚችል አመለከቱ። በ1959 የላንዳው ተማሪ ኢጎር ድዝያሎሺንስኪ ከክሪስታሉ ሲሜትሪ ተነሥቶ ይህ ባሕርይ በክሮሚየም ኦክሳይድ ውስጥ መኖር እንዳለበት ተነበየ፤ በ1960 አስትሮቭ በሙከራ አረጋገጠው። ክሮሚየም ኦክሳይድ ግን 34 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ ባሕርዩን ያጣል። ይህ በድሬዳዋ በሰኔ ቀትር የሚደርስ ሙቀት ስለሆነ፣ እንደ ቢስመዝ ፌራይት ያሉ ሙቀት የሚችሉ ኦክሳይዶች በሰፊው ይጠናሉ።

እስር

ላንዳው በ1937 ወደ ሞስኮ፣ ፒዮትር ካፒትሳ ወደሚመራው ተቋም ተዛወረ። በኤፕሪል 1938 የስታሊንን አገዛዝ ከፋሺዝም ጋር በሚያመሳስል በራሪ ወረቀት ምክንያት ታሰረ። ካፒትሳ ለራሱ ሳይፈራ ለስታሊንና ለባለሥልጣኖቹ ደብዳቤ ጻፈ። ከአንድ ዓመት እስር በኋላ ላንዳው የተለቀቀው በካፒትሳ የግል ዋስትና ነው። በ1941 ካፒትሳ በሙከራ ያገኘውን፣ ፈሳሽ ሂሊየም እጅግ ሲቀዘቅዝ ያለ ሰበቃ የሚፈስበትን ምክንያት አብራራ። ክሱ በይፋ የተዘጋው በ1990፣ እርሱ ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነበር።

አደጋና ሞት

በጃንዋሪ 7 ቀን 1962 የተሳፈረበት መኪና በረዷማ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ለሳምንታት ራሱን ሳተ። በዚያው ዓመት ስለ ሂሊየም ሥራው የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ወደ ስቶክሆልም መጓዝ ስላልቻለ ሽልማቱን ሞስኮ ውስጥ ተቀበለ። ወደ ምርምር ሥራው ሳይመለስ በ60 ዓመቱ በሞስኮ ሞተ፤ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብርም ተቀበረ።