የከሰል መንደር ልጅ፦ ሰር ማት በዝቢ

የኳስ ጨዋታ የሚከታተሉ ወጣቶቻችን የማንቸስተር ዩናይትድን ስም አሳምረው ያውቃሉ። ክለቡን ለታላቅ ዝና ያበቁት ሰው ከየት እንደ ተነሡ የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከዋንጫዎቻቸው ይልቅ ልጅነታቸውን ልናወሳ ወደድን።

ማት በዝቢ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በቤልስሂል ከተማ አጠገብ፣ ኦርቢስተን በምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር፣ ሁለት ክፍል ባላት ጠባብ ቤት ተወለዱ። ቤተሰቡ ዘሩ ከአየርላንድ የሚመዘዝ ካቶሊካዊ ነበር። የመንደሪቱ ኑሮ በከሰሉ ጉድጓድ ላይ የተመሠረተ ነበር። አባት ወደ ምድር ሆድ ይወርዳል፤ እናት በሰላም መመለሱን ትጠብቃለች፤ ልጅም ባደገ ጊዜ የአባቱን ፈለግ ይከተላል። ከዚህ ዕጣ ለመውጣት ትምህርት፣ ስደት ወይም ኳስ ካልሆነ በቀር ሌላ በር እምብዛም አልነበረም።

አባታቸው አሌክሳንደር የከሰል ቆፋሪ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. በፈረንሳይ፣ በአራስ ግንባር በጥይት ተመትተው ወደቁ። ያን ጊዜ ማት 8 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። እናታቸው ሔለን አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች ልጆች ይዘው ቀሩ። ማትም ከፍ ባሉ ጊዜ ትምህርታቸውን ትተው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። እናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ሊሰደዱ ሲዘጋጁ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ማንቸስተር ሲቲ የ18 ዓመቱን ወጣት በተጫዋችነት ተቀበላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ ሲሆኑ ያደጉበትን መንደር አልረሱም። በፋብሪካ ሲደክም የሚሰነብተው ሠራተኛ ቅዳሜ የሚደሰትበት ነገር እንደሚገባው ለተጫዋቾቻቸው ይነግሩ ነበር። ወጣቶችን ከየመንደሩ ሰብስበው እንደ አባት አሳደጉ፤ ሕዝቡም የበዝቢ ልጆች ብሎ ጠራቸው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቤልግሬድ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በሙኒክ ለመነሣት ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። በዝቢ ምሥጢረ ቀንዲል እስኪቀበሉ ድረስ ለሞት ቀርበው ተረፉ። ይሁን እንጂ ወጣቶቹን ወደ አውሮፓ ውድድር የመራኋቸው እኔ ነኝ በማለት ራሳቸውን ይከስሱ ነበር፤ ኳስንም ፈጽመው ሊተዉ አሰቡ። ባለቤታቸው ጂን ግን የሞቱት ልጆች ሥራው እንዲቀጥል ይወዱ እንደ ነበር አስረድተው መለሷቸው።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም.፣ ቡድናቸው ቤንፊካን 4 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ሜዳ ከሙኒክ አደጋ የተረፉ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ፤ እነርሱም የከሰል ቆፋሪ ልጅ የሆነው ቦቢ ቻርልተንና ራሱ በጉድጓድ የሠራው ቢል ፎልክስ ናቸው። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙና ልጆቻቸው ተቃቅፈው አለቀሱ።

ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የቅዱስ ጎርጎርዮስን የክብር ኒሻን ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛም ይህን ሕይወት ስናስብ በየሰበካችን ያሉትን አባት የሌላቸውን ልጆች እናስታውሳለን። በልጅነቱ አባቱን ያጣው የኦርቢስተን ልጅ ለብዙዎች አባት ሆነ፤ ልጆቹን በቀበረ ጊዜም የቀሩትን አልተወም።