ይድነቃቸው ተሰማ እና የዓባይ ጎረቤታሞች ዋንጫ

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ የተሰለፉት ቡድኖች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅ እና ኢትዮጵያ። ሦስቱም ዓባይ የሚያስተሳስራቸው ጎረቤታሞች ናቸው። አራተኛዋ ተጋባዥ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዚያው ወር እዚያው ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ናቸው። ልጅየው በጉለሌ በሚገኘው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ገና ታዳጊ ነበሩ፤ ለክለቡ 23 ዓመታት ተጫውተው በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን አስቆጥረዋል።

የተጫዋችነት ዘመናቸው ጅማሬ ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጋር ገጠመ። ወራሪው ስፖርቱንም በቀለም ለየ፤ የጊዮርጊስንም ስም አስለወጠ። በገዛ ሀገራቸው ሜዳ ላይ ሁለተኛ ዜጋ ተደርገው የተጫወቱት ወጣት፣ በኋላ ዘረኝነትን በስፖርት አደባባይ አጥብቀው ከታገሉት መሪዎች ተርታ ተሰለፉ። ከነፃነት በኋላ የሀገሪቱን ስፖርት በማደራጀት ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ የእግር ኳስን ሕግጋትም ወደ አማርኛ መለሱ።

የካርቱሙ ውሳኔ ዋጋ ነበረው። ገና የተወለደው ውድድር ከአራት ተሳታፊዎቹ አንዱን አጣ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ትገጥም የነበረው ደቡብ አፍሪካን በመሆኑ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሆኖም መርሑ ከውጤቱ በላይ ዘለቀ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትግላቸው ከሜዳው ይልቅ በጉባኤ አዳራሽ ሆነ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ቀጥተኛ የተሳትፎ ቦታ በመነፈጓ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሪቱ ከውድድሩ እንድትርቅ አስተባበሩ፤ በ1962ቱ የዓለም ዋንጫም አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእሳቸው የአመራር ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም፣ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ። የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ በአፍሪካ ስታዲየሞች እንዳይገባም አጥብቀው ተከራክረዋል።

ይድነቃቸው 66ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሦስት ሳምንታት ያህል ሲቀሯቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በሕመም አረፉ። በኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ለ15 ዓመታት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አገልግለዋል። በወራት ልዩነት፣ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ጎረቤቶቿን አዲስ አበባ ላይ አስተናግዳ፣ በፍጻሜው ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የሴካፋን ዋንጫ ወሰደች፤ እሳቸው ግን ይህን ለማየት አልታደሉም።

በጥር 1988 ዓ.ም ደግሞ ከአፓርታይድ የተላቀቀችው ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ በላችው። ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች አንድ መለያ ለብሰው ነበር። ከ39 ዓመታት በፊት ካርቱም ላይ የተጠየቀችውም ይህንኑ ነበር።